የአስቦና የጌራ ልጆች ምን ጠቡ?

መንዝ ውስጥ እንግዳ ሰው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። ዛሬ ጨዋታ ለማስጀመር ነው የሚጠየቀው፤ ድሮ ግን ከባድ ጥያቄ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርሰው የጓሳ ደጋ ላይ ሣር ማጨድ፣ ማገዶ መልቀምና ከብት ማሰማራት የሚችለው፣ ከአቅኚዎቹ ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቆጥሮ ማሳየት የቻለ ሰው ነበር። የመልሱ ውጤት በቤቱ ክዳን፣ በምድጃውና በበረቱ ይታይ ነበር። አራስ ቤት ውስጥም እንዲሁ። ስለ ጓሳ ብዙ ተጽፏል፤ ግን አብዛኛው ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ስለሆነ ለሕፃናቱ ቦታ አልተረፈም። እኔ ስለ እነሱ ልጻፍ።

በእናቴ በኩል ከጌራ እቆጠራለሁ። መሐል ሜዳ አካባቢ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእናቴ እናት ደግሞ የልምድ አዋላጅ ነበሩ፤ በስተርጅና መንኩሰው ቆብ እስኪጭኑ ድረስ ከመንደራችን ሕፃናት እጃቸው ያልተቀበለው ጥቂት ነው። ከመነኮሱ በኋላ ሁላችንም እማሆይ ስለምንላቸው እዚህም እማሆይ እላቸዋለሁ። ከእሳቸው የሰማሁትንና በሥራዬ ያየሁትን ሳስተያይ አንድ ነገር ይታየኛል፦ በእኛ አገር ጡት ያላጠባች እናት አልነበረችም፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚለየው በጡቱ ላይ ምን ጨመረበት፣ መቼስ አቋረጠው በሚለው ነው። የሚጨምረውና የሚያቋርጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሃው አልነበረም። ያለው ነው።

በቅቤው ልጀምር። ጓሳን ያስተዳድር የነበረው የቀሮ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። በቀሮ ሕግ ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ድርቅ ሲጠና ለከብት ይፈቀድ ነበር። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ላሟን የሚያተርፈው እንግዲህ ይህ መብት ነበር። የአገራችን ላም በደኅናው ጊዜ በቀን 1.5 ሊትር ያህል ብትታለብ ነው፤ ግጦሽ ሲጠፋ ከዚያም ታንሳለች። ከዚያች ላይ ጥጃው ይጠባል፣ የተረፈው ይረጋል፣ ይናጣል። ስለዚህ አንዲት ጭብጥ ለጋ ቅቤ ማለት በደጋው ላይ ብዙ ቀን የተጠራቀመ ሀብት ናት።

የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነው። ምጡ ሲገፋ ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ ወንድ ሲሆን ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትሆን ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ከዚያ ሕፃኑ ጡት ከመያዙ በፊት አያትየዋ ለጋ ቅቤ በጣቷ ታስውጠው ነበር። እማሆይ ምክንያቱን ሲናገሩ አይጠራጠሩም ነበር፦ አንጀቱን ያለሰልሳል፣ ጉሮሮውን ይከፍታል፣ ድምፁን ያሳምራል። ለካህን ልጅ የድምፁ ነገር ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ቢጫ ሆኖ ወፍሮ የሚወጣው የእናቲቱ የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩ፣ ግን ዘጠኝ ወር ታጉሮ የቆየ ቆሻሻ ነው ተብሎ መሬት ላይ ይታለብ ነበር። ነጩ ወተት እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን በቅቤና በለብታ ውኃ ይታለፍ ነበር።

በዚህ ነገር ዛሬም አልበርድም። ያው ሰው፣ ያው ቤት፣ በረት ውስጥ ላሚቱ ስትወልድ ጥጃው እንገር ካልጠባ እንደማይጠና ያውቃል፤ እረኛው ጥጃውን ተሸክሞ ጡት ሥር ያስጠጋዋል። የተረፈውን እንገር ደግሞ አፍልተው ይበሉታል፣ ልጆችም ይሻሙበታል። ለጥጃ መድኃኒት የሆነው ለሰው ልጅ ጊዜ እንዴት ቆሻሻ ሆነ? አንድ ቀን እማሆይን ጠየቅኋቸው። «ጥጃ ክርስትና አይነሣም» አሉኝ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ቆመ።

ቅቤው የሚመጣው ከእናትየዋ ወገን ስለሆነ ሕፃኑ በተወለደ በሰዓቱ የእናቱን ዘር ቀመሰ ማለት ነው። ላም የሌላቸው ምን ያደርጉ ነበር? ከጎረቤት ይለምናሉ፤ ካልተገኘም ለብ ያለ ውኃ ይሰጣሉ። አንዳንዷ ግን ሰብሳቢ እናት የላት፣ ቅቤ የላት፣ ልጁም ሲያለቅስባት ዝም ብላ ጡቷን ታጎርሰዋለች። እማሆይ እነዚህን ሴቶች ሲያስታውሱ ከንፈር ይመጥጡላቸው ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ሳስብ፣ ከመንደሩ ሕፃናት ሁሉ እንገሩን በወቅቱ ያገኙት የእነዚያ ምስኪኖች ልጆች ነበሩ እላለሁ። በኋላ መሐል ሜዳ ላይ ሱቅ ሲበዛ በቅቤው ፈንታ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ መሰጠት ጀመረ። ያም ቢሆን መጀመሪያ የገባው ገንዘብ ካለበት ቤት ነው።

እናቲቱ ራሷ የምትበላው በሀብት ይለያያል። ደኅና ቤት ያለች አራስ የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ወተት እንዲያበዛላትም ጠላ ይቀርብላታል፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከቤት አትወጣም። ሰው የሌላት ግን በሳምንቷ ማድጋ አዝላ ምንጭ ትወርዳለች። አንድ ነገር ብቻ መንዝ ለሴቶቹ አደላ፦ የበግ ጠጉር። ዝተቱን፣ ባናውንና በርኖሱን የሚሸምነው ወንድ ነው፤ የምትፈትለው ግን ሴቲቱ ናት። እንዝርት ከልጅ አያጣላም። ልጁን በአንቀልባ አዝላ እየፈተለች ትውላለች፤ ሲያለቅስ ወደ ፊት አዙራ ታጠባዋለች፤ ሲጠግብ ትመልሰዋለች። የፋብሪካ ሥራ ያልፈቀደውን የጠጉር ሥራ ይፈቅድ ነበር። ልጆቻችን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የጠቡት እናቶቻችን ከሌላው አገር እናት የበለጠ አፍቃሪ ስለሆኑ አይመስለኝም፤ ሥራቸው ቤት ውስጥ ስለነበር ነው።

ጡት የሚያቋርጠው እርግዝና ነው። ያረገዘች ሴት ወተት ልጁን ያሳምመዋል ስለሚባል በአንድ ሌሊት ጡት ይነጠቃል። ጡቷ ላይ እሬት ትቀባለች፣ ወይም ልጁ ወደ አያቱ ቤት ይላካል። አያት ያለው ልጅ እዚያ እርጎ ይቆየዋል። የሌለው ቂጣ ይዞ በር ላይ ይቀመጣል።

በቤተ መንግሥትና በመሳፍንት ቤት ልጅ በሞግዚት እጅ ያድግ ነበር፤ ይህ በታሪክ የታወቀ ነው። ባላገሩ ዘንድ ግን ለሌላ ሰው ልጅ ጡት መስጠት ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ ዝምድና ይፈጥራል። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያጠባች ሴት የጡት እናቱ ትሆናለች፤ ልጆቿም ወንድሞቹና እኅቶቹ ናቸው፣ አይጋቡም። ከጓሳ ጫፍ ቁልቁል በሚታዩት በኤፍራታና በይፋት ቆላዎች የሚኖሩ ሙስሊሞችም በሃይማኖታቸው እንዲሁ ያምናሉ፤ ነቢዩ ራሳቸው ሐሊማ የተባለች ሴት ያጠባቻቸው ናቸውና። የጡት ዝምድና በእኛ አገር እስከ ፖለቲካ ይደርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገራችን የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እንደጻፈው፣ ጎልማሳ ሰው ጌታ ሲፈልግ ወደ ትልቅ ሰው ቀርቦ ጣቱን በመጥባት ልጅህ ነኝ ይል ነበር። ጢም ያለው ሰውዬ የሌላ ሰው ጣት ሲጠባ ማሰብ ያስቃል። ግን ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፤ የጠባህበት ቤት ቤትህ ነው።

አውሮፓ ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። በ1780 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የፖሊስ ሹም የነበረው ለኑዋር እንደገመተው፣ በዓመት ከተማዋ ውስጥ ከሚወለዱት 21,000 ያህል ሕፃናት እናቶቻቸው ራሳቸው የሚያጠቧቸው 1,000 ቢሆኑ ነው፤ አብዛኛው በገንዘብ ለገጠር አጥቢዎች ይላካል። እዚያ ጡት ደመወዝ ነበረው፣ ዝምድና አልነበረውም። እኛ አገር ደመወዙና ዝምድናው ቦታ የተለዋወጡት በእኔ ዕድሜ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የጡት ዝምድና ሁሉንም ሰው አያቅፍም ነበር። አሜሪካዊው ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ መንዝ የቡዳ እምነት ባሳተመው ጥናት፣ ባለርስቱ ገበሬ የእጅ ባለሙያውን ዓይን እንዴት እንደሚፈራ ጽፏል። ያንን ፍርሃት በልጅነቴ አይቼዋለሁ። ሸክላ ሠሪዋ ገንቦ ይዛ ደጃችን ስትመጣ የምታጠባ ሴት ነጠላዋን ትስባለች፣ ልጁንም ትሸሽጋለች። ልጁ በማግሥቱ ቢያስቀምጠው ጥፋቱ የእሷ ነው። ከዚያ ቤት ጡት መዋዋስ የማይታሰብ ነበር። ሸክላ ሠሪዋም የምታጠባው ልጅ ነበራት፤ እሷ ነጠላዋን ከማን ትስብ? የዘር ነገር ሲነሣ ስለ ሣሩና ስለ ርስቱ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህንን ይዘሉታል።

ጾሙም አለ። በሥርዓቱ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ ይህንን የማያውቅ ባላገር የለም። ችግሩ ድስቱ ነው። ወተት የነካው ድስት ለጾም ወጥ ስለማይሆን፣ አንድ ድስት ያላት ሴት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለልጇ የፍስክ አትሠራም። የልጅ ዕቃ ለብቻው ያለው ቤት ይሠራል። ስለዚህ ጡት ላይ ምግብ የሚጨመርበት ዕድሜ ከጾም ጋር የገጠመበት የድሃ ልጅ ሽሮ ፍትፍት ብቻ ይበላል። አሁን አሁን ቀሳውስቱ ራሳቸው በስብከት መሐል «ልጆቹን አታስጹሙ» ይላሉ፤ እኔ አሥር ጊዜ ከምናገረው እነሱ አንድ ጊዜ የሚናገሩት ይሰማል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በበቂ ዓይነትና መጠን የሚመገቡት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ያኔ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ጡት አጥተው አይደለም። ጡት ላይ የሚጨመረውን ነው ያጡት።

የቅቤው ሥርዓት ሁለት ጊዜ ተናግቷል። አንደኛው በክፉ ቀን ነው፤ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታው በረቱን ሲያራቁት ባለርስቱም ርስት የለሹም በቅቤ እጦት እኩል ሆኑ። ሁለተኛው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ርስት ሲቀር ቀሮም አብሮ ቀረ፤ የአስቦና የጌራ ዘር መሆን ጓሳውን ማስከፈቱ አበቃ። ርስት ያልነበራቸውም ገቡ። ስለ ሣሩ ያዘኑ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ ጓሳው መጎዳቱም እውነት ነው። ግን በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ላም ጓሳ ላይ ያሰማራች ድሃ ሴት ስለመኖሯ ሲያነሡ አልሰማሁም።

በ1977ቱ ድርቅ ከእርዳታው እህል ጋር የዱቄት ወተት ወደ ደጋው መጣ። ለብዙ እናቶች በዱቄት መልክ የመጣ ወተት ያዩበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ባልፈላ ውኃ ተበጠበጠና ተቅማጡን አባባሰው። አዲስ አበባ ግን ከዚያ በፊት ስለ ሕፃናት ምግብ ታስቦ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመውና በ1968 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት ፋፋን ሠርቶ አውጥቷል፤ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄት ጋር የተቀመመ፣ ጡት ላይ የሚጨመር ምግብ። በጡት ምትክ የሚሰጥ አልነበረም። በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ሙግቱ የጦፈው በምትኩ ላይ ነው፤ ኩባንያዎች ድሃ አገር ውስጥ የቆርቆሮ ወተት ስለሚያስተዋውቁበት መንገድ። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮችን ግብይት የሚገዛውን ደንብ 118 ለ1 በሆነ ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ በእኛ ወረዳ የሚተዋወቅም የሚሸጥም ቆርቆሮ አልነበረም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በ1990ዎቹ አጋማሽ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡ ቅቤው መሸሽ ጀመረ። ለውጡ እኔ ካሰብኩት በላይ ፈጠነ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱ ሕፃናት በ2011 እ.ኤ.አ. 27 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 8 በመቶ ወርደዋል። ልጃገረዶቹ ሠራተኞች መጽሐፍ ከማንበባቸው ይልቅ የአገሩ ልጆች መሆናቸው ጠቀማቸው፤ «የእገሌ ልጅ ናት፣ አትዋሽም» ይባላል። የጥጃውን ነገር እያነሡ አያቶችን የሚረቱም ነበሩ። እማሆይ በሕይወት ቢኖሩ በእነዚህ ልጆች ይሸነፉ ነበር፤ በእኔ አልተሸነፉም።

በዚያው ሰሞን የኤች አይ ቪ ጉዳይ መጣ። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት፣ አቅሟ ከቻለና ንጹሕ ውኃ ካላት፣ ጡት ትታ የቆርቆሮ ወተት እንድትሰጥ የሚመከርበት ጊዜ ነበር። ምክሩ ሲነገር ቀላል ነው። መንዝ ውስጥ ጡት የማታጠባ ሴት በአማቷ ፊት ምን ትላለች? ጡጦ የያዘች ሁሉ ትጠረጠር ጀመር። ስለዚህ ቀን ጡጦ፣ ሌሊት አማት ስትነቃ ጡት የሚሰጡ ነበሩ፤ ይህም ከሁለቱ የባሰው ነው። በ2005 ዓ.ም. ተመርምረው ቫይረሱ የተገኘባቸው ነፍሰ ጡሮች ሁሉ ወዲያው የዕድሜ ልክ መድኃኒት እንዲጀምሩ ሲወሰን፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ማጥባት ተፈቀደና ያ ጭንቀት ቀለለ።

አሁን ቆርቆሮው ተመልሷል፤ በሽታን ሳይሆን ደመወዝን ተከትሎ ነው የመጣው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ከተሜ፣ የተማረችና ገንዘብ ያላት እናት ልጅ ከባላገሯ ልጅ ቀድሞ ጡት ይተዋል። የሕጉን ቁጥር ማየት ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣታል፤ በፊት የነበረው ሕግ ከወለደች በኋላ 60 ብቻ ነበር የሚሰጣት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲኖርም አዝዞ ነበር። ጡት ብቻ ይሰጥ የሚባለው ግን 6 ወር ነው። ፈቃዷ ስድስቱን ወር አይሞላም፤ ጡጦ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ6 ወር በታች ከነበሩት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ነበሩ።

በዚያ ክፍተት ጡጦውን የምታቀርበው ብዙ ጊዜ ከገጠር የሄደች ልጅ ናት፤ ከእኛም ደጋ የሄዱ አሉ። እሷም ወልዳ ሊሆን ይችላል። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ስለማትታቀፍ 90 ቀን የሚባል ነገር የላትም። ልጇን ገና ሳይጠና እናቷ ጋር መንዝ ትታ ትመለሳለች። የፓሪሷ አጥቢ ቢያንስ የምትሸጠው ጡቷን ነበር። ይህቺ ጡቷን አሥራ፣ አንሶላ ላይ ወተቷ እየፈሰሰ፣ የሌላ ሰው ልጅ ቆርቆሮ ትበጠብጣለች።

ባለፈው የገበያ ቀን መሐል ሜዳ ላይ አንዲት አያት የሰባት ወር ልጅ አዝለው አገኙኝ። እናቱ አዲስ አበባ ናት፤ በየሁለት ወሩ አንድ ቆርቆሮ ትልካለች።

«ስንት ስፍር ያደርጋሉ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«ቆርቆሮው ላይ ያለውን ካደረግሁማ በሳምንት ያልቅ የለ። ግማሽ ስፍር፣ ግማሽ ስፍር እያልኩ ነው።»

ልጁን ተቀብዬ ክንዱን ለካሁት፤ ቀጥኗል። ሰባት ወሩ ስለሆነ ከቆርቆሮው ይልቅ የገብስና የባቄላ ገንፎ ወፈር አድርገው፣ እንቁላል ወይም ወተት እየጨመሩበት፣ የሚጠጣውንም በጡጦ ሳይሆን በሲኒ እንዲሰጡት ነገርኳቸው። ዓርብ ነበርና ስለ ድስቱ ጠየቁኝ። ለልጁ ትንሽ ድስት ለብቻ ይግዙ አልኳቸው፤ የቆርቆሮው መላኪያ ለዚያ ይበቃል።

«እሷ ግን ቆርቆሮውን ካልላከች እናቱ የሆነች አይመስላትም» አሉኝ።

ጤና ኬላ ወስጄ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ አስመዘገብኩት፤ በየወሩ እየመጡ እንዲያስመዝኑት ተስማማን። ለልጃቸው በስልክ የሚነግሩትን ግን እሳቸው ራሳቸው ይወቁት ብዬ ተውኩት።